ክንፉ የተጠማዘዘው የባሕር አውሮፕላን

ጠያቂያችን ከደሴ ነው። ሾርት 184 የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የባሕር አውሮፕላን ሞዴል በ1/72 ልኬት ነሐሴ ላይ ገጣጠመና ክንፎቹን የሚወጥሩትን ክሮች ከሐይቅ ከተማ ባስመጣው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሠራ። ኅዳር ላይ ኮምቦልቻ እህቱ ቤት ወስዶ መስኮት አጠገብ አስቀመጠው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የላይኛው ክንፍ ጫፉ ተጠማዘዘ፤ በግራ በኩል ሁለቱን ክንፎች ከሚያያይዙት ቋሚዎች ሁለቱ ተፈናጥረው ወጡ፤ የሚቆምባቸው ታንኳዎችም እግራቸውን ከፈቱ። ጓደኛው በሱፐር ግሉ ለጥፎ በአሴቶን ጠረገለት፤ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። «ፕላስቲኩ በቆላ ሙቀት ቀልጦ ይሆን?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድምዓለም፣ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ቀጫጭኖቹ ቋሚዎች ይጎብጡ ነበር። ያንተዎቹ ቀጥ እንዳሉ ነው የተፈናጠሩት፤ የሆነ ነገር ጎትቷቸዋል። ጥፋቱ የክሩ ነው።

ናይለን ውሃ ይጠጣል። የሚጠጣው እንደ ስፖንጅ በቀዳዳ አይደለም፤ ውሃው ናይለኑ በተሠራባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ እርስ በርስ የተያያዙበትን ማሰሪያ ያላላዋል። ክሩ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል። ለዚህም መነከር አያስፈልገውም፤ የአየሩ እርጥበት ይበቃዋል። ነሐሴ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ደጃፍ ድረስ ወርዶ የታጠበ ልብስ አልደርቅ የሚልበት ወር ነው። አንተ ጥብቅ አድርገህ ያሰርከው ጠጥቶ የረዘመውን ክር ነው። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ክሩ የጠጣውን ተፋና አጠረ። አሥር ሳንቲ ክር አንድ ሚሊ ብቻ ቢያጥር ፕላስቲክ ያንን ሚሊ ከየትም አያመጣም፤ ወይ ክንፉ ይጣመማል ወይ ደካማው መገጣጠሚያ ይለቃል። በበጋ ብትወጥረው ደግሞ ክረምት ሲመጣ ይረግባል። ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የጅማት ክር በክረምት ቅኝቱን አይጠብቅም። በዚያ ላይ የ0.20 ሚሊ ናይለን በ72 ሲባዛ 14 ሚሊ ነው፤ እውነተኛው አውሮፕላን እንደ ጣት በወፈረ ሽቦ አልተወጠረም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት፦ ጋቢህን አውልቅ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ወዲያው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የጥጥ ጓንት፣ የጆሮ ጥጥ ሁሉም ያው ነው። ብርዱን በሌላ ልብስ ቻለው።

ክሮቹን ከጫፍ ወደ መሃል፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እያፈራረቅህ ቁረጥ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ከቆረጥህ የቀረው ክንፉን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየው። ሱፐር ግሉ ሲበርድ ይሰባበራል፤ ጓደኛህ የለጠፈው በቀስታ ሲወዘወዝ ይለቃል፤ ቅሪቱን በምላጭ ፋቀው። አሴቶን ከእንግዲህ አይድረስበት። አሴቶን ይህን ፕላስቲክ ያሟሟዋል፤ የነጣው ቦታ ሁሉ የተበላ ነው። ጥቂት ቀን አድርቀህ በ600፣ ከዚያ በ1000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለስልሰው።

ርካሽ ኪት (ተገጣጣሚ የሞዴል ዕቃ) የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው፤ ቋሚው የሚገባበት ጉድጓድ የለውም፣ ቀለም በተቀባ ክንፍ ላይ ደርቦ ማጣበቅ ብቻ። ሙጫው የያዘው ቀለሙን እንጂ ክንፉን አይደለም። ቀለሙን ፋቅና በ0.4 ሚሊ መሰርሰሪያ ቋሚውን 2 ሚሊ፣ ክንፉን ከ1 ሚሊ ሳታሳልፍ ብሳ። ካለፍክ በላይ በኩል ይወጣል። 0.3 ሚሊ ገደማ የሆነ የክራር የብረት ክር ቆርጠህ እንደ ምስማር አስገባ። የተጠማዘዘውን ክንፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ይዘህ አቃናው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። የፈላ ውሃ አይሁን።

ከላክኸው ፎቶ ላይ ታንኳዎቹን የሚያገናኘው የፊተኛው ዘንግ ቀጥ ተደርጓል። ጓደኛህ «ተጣሟል» ብሎ አቃንቶት መሆን አለበት። ዘንጉ ወደ ላይ ቅስት ሆኖ ነው የተሠራው፤ ቶርፔዶው (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታው ፈንጂ) የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1915 በማርማራ ባሕር ከአየር በተጣለ ቶርፔዶ መርከብ የመታው ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት ነው። ቅስቱን ካልመለስክ ቶርፔዶው ቦታ ያጣል፣ ታንኳዎቹም ይራራቃሉ። የሞዴሉ ክፍሎች ተያይዘው ከሚመጡበት የኪቱ ፍሬም በተረፈ ዘንግ አዲስ አጉብጠህ ሥራ።

ለአዲሱ ወጣሪም ያው የፍሬም ቁራጭ ይበቃል፤ ይህ ፕላስቲክ የአየር እርጥበት አይቀይረውም ማለት ይቻላል። ከሻማ ነበልባል 2 ሳንቲ ከፍ አድርገህ እያሽከረከርክ አሙቀው። ሲያብረቀርቅና ሲዝል ከእሳቱ አውጣና ሳብ። ፈጠን ብለህ ከሳብክ ይቀጥናል፤ የምትፈልገው 0.1 ሚሊ የሚሆነውን ነው። የእያንዳንዱን ርቀት በተማሪ ኮምፓስ ለካ፣ ቆርጠህ ጫፎቹን በነጭ ኮላ ያዝ፣ እስከ ነገ ተወው። ከዚያ የተለኮሰ ሰንደል እስከ 5 ሚሊ ብቻ አስጠግተህ በክሩ ርዝመት አሳልፍ። የረገበው ክር ዓይንህ እያየ ቀጥ ይላል። ከነካው ይበጠሳል።

በሱፐር ግሉ የሚያዙት የብረት ምስማሮቹ ብቻ ናቸው፤ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ። የተረፈውን በጥጥ አትጥረግ፣ በጋቢ ጫፍ ጨርሶ። ወረቀት ላይ ተወው፣ እዚያው ይደርቃል።