ባለ 2 ቴራው ይቅርብህ

ጥያቄው ከድሬ ሳቢያን ሰፈር ነው የመጣው። «ቤት ያለችኝ ኮምፒውተር ያገለገለች የቢሮ ዴል ናት። ኮር አይ ፋይቭ፣ ፎርዝ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። እስክትከፈት ቡና ተቆልቶ ይደርሳል። ገበያ ስዞር እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ አየሁ። ሌላው ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ነው፤ ዋጋው ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ ፊልም ያያሉ፣ እኔ ኤክሴል እሠራለሁ፣ የሠርጋችን ፎቶም እዚያው ነው። የቱን ልግዛ? የድሬ ሙቀትስ አይጎዳውም?»

አቦ፣ አንተ እያልኩ ነው የምመልስልህ። ድሬ ላይ አንቱታ አያምርብንም። ሁለቱንም አትግዛ። ኤስኤስዲ ማለት ሃርድ ዲስክን የሚተካ ፈጣን ማከማቻ ነው፤ ኤንቪኤምኢም ከዓይነቶቹ አንዱ ነው።

ኤንቪኤምኢው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማሽንህ ላይ የሚሰካበት የለውም። የዚያ ዘመን የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ይህን ቀጭን ዲስክ የሚቀበለው፣ ኤም ዶት ቱ የሚባለው ሶኬት የላቸውም። «በማገናኛ ካርድ እገጥምልሃለሁ» የሚልህ አይጠፋም። ይገጠማል፣ ዊንዶውስም ያየዋል። ግን ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሯን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አሮጌ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ላይ አይነሳም። ያኔ ምን ሊረባህ?

ፍጥነቱም አያጓጓህ። ሃርድ ዲስክህ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነባል፣ የሳታ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስክህ በገመድ የሚሰካው) 550 ገደማ፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ 3500ና ከዚያም በላይ። ኮምፒውተርህን ያንቀራፈፋት ግን ይህ ቁጥር አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በላዩ የሚመላለስ መርፌ መሳይ ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ ጥቃቅን ፋይሎችን በብዛት ይጠራል። መርፌው አንዷን ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያወጣታል። ትልቁ ለውጥ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ስትሻገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ኤክሴል ላይ ልብም አትለው።

ስለዚህ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ፣ 480 ወይም 500 ጊጋ ግዛ። ከዚያ በላይ አታውጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኤይትዝ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ማሽንህ የምትቆይበት ዕድሜ ይታወቃል። ኤስኤስዲው ግን ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገባልሃል።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» ሲሉህም አትደንግጥ። ለምሳሌ ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ የ500 ጊጋው፣ እስከ 300 ቴራባይት ለመጻፍ ዋስትና አለው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፍ 40 ዓመት ነው።

ባለ 2 ቴራውን በተመለከተ፣ ዋጋው ራሱ ነግሮሃል። አንድ ደንበኛ እንዲህ ዓይነቱን ይዞልኝ መጣ። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ የተገለበጠው ፊልም ግን ግማሹ አይከፈትም። ከፈትኩት። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ተጣብቆበት ነበር። ትልቅ መጠን እንዲያሳይ አድርገውታል እንጂ የሚይዘው የካርዱን ያህል ብቻ ነው፤ ሲሞላ የቀድሞውን ይደመስሳል። አንተም የምትገዛውን ዊንዶውስ ከመጫንህ በፊት ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልተህ ፈትሸው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳይሃል። «አዲስ ነው» የተባለው ሺህ ሰዓት ካሳየ መልስለት። የ500ው 465 ብሎ ቢያሳይህ ግን ከሻጩ ጋር አትጣላ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ሙቀቱን አትፍራ። የሳታ ኤስኤስዲ እስከ 70 ዲግሪ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ራሱም ብዙ አይግልም። በግንቦት ቀትር ቀድመህ የምትወድቀው አንተ ነህ። ይልቅ አቧራውን ከፋኑ አራግፍ። እኔን የሚያሳስበኝ የመብራቱ ነገር ነው። እየጻፈ ሳለ ድንገት ከተቋረጠበት ፋይል ይበላሻል፣ አንዳንዴም ዲስኩ ራሱ ጭራሽ አይነሳም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለህ ከእሱ ላይ ሰካት።

ሃርድ ዲስኩን አትጣለው። ፊልሙም ፎቶውም እዚያው ይቀመጥ፤ ኤስኤስዲው ላይ ዊንዶውስና የምትሠራባቸው ፕሮግራሞች ብቻ ይሁኑ። ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ሳይሰካ ረጅም ጊዜ ሙቀት ውስጥ ከተቀመጠ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይተናል። ለሠርግ ፎቶ ማስቀመጫ አላምነውም።

ስትገጥመው የሳታ ሶኬቶቹን እይ። በእነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ አንዳንዱ 6 ጊጋቢት፣ አንዳንዱ 3 ነው፤ ብዙውን ጊዜ 0 የተጻፈበት ፈጣኑ ነው። ኤስኤስዲውን እዚያ ሰካ። ኬዙን ከመክፈትህ በፊት ግን የሠርጉን ፎቶ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።