የኮምቦልቻዋ እህታችን ስለ እናቷ የመርከብ ጉዞ ለጠየቀችው

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ሜሪላንድ ያለው ወንድምሽ ጋ ሊሄዱ ነው። እሱ ደግሞ ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስና ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ) ትኬት ሊቆርጥላቸው አስቧል። አንቺ የፈራሽው ባሕሩን ነው። መርከብ ላይ ስለሚመጣው ትውከት ብዙ ሰው መልሶልሻል። እኔ ደሴ ከመመለሴ በፊት ማያሚ ወደብ ላይ ተሳፋሪ በሚኒባስ ሳመላልስ ነበር፤ እናቴንም ወስጃታለሁ። ከባሕሩ በፊት ቪዛውን እዩት።

በፈረንጆቹ ከ2025 ሐምሌ ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው የ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። የእናትሽ ቪዛ አዲስ ከሆነ፣ ዋሽንግተን ሲያርፉ ያቺ አንድ መግቢያ አለቀች። መርከቡ ባሃማስ ሲደርስ ከአሜሪካ ወጡ ማለት ነው። ማያሚ ሲመለሱ በምን ይገባሉ? የመርከብ ድርጅቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ተርሚናሉ ላይ ነው የሚያስቀሩት። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ከበር ተመልሰው መኪናዬ ላይ የተሳፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሆቴል እስክንደርስ ድረስ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም።

"ታዲያ ውጭ አገር የማይቆም መርከብ ይፈለግ" ትይኝ ይሆናል። ቀላል አይደለም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ በሌላ አገር ተመዝግቦ በዚያ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ የአሜሪካን ወደቦች ብቻ እያዳረሰ ተሳፋሪ ማመላለስ አይችልም። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የማልታ ባንዲራ ነው የሚሰቅሉት። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄደው እንኳ ካናዳ ጎራ የሚለው ለዚህ ነው።

ከትልልቆቹ በአሜሪካ ባንዲራ የሚሄደው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ነው። ከሆኖሉሉ ተነስቶ ለ7 ቀን የሃዋይን ደሴቶች ብቻ ይዞራል፤ ከአሜሪካ አይወጣም። ዋጋው ጠንከር ይላል። ከሜሪላንድ እስከዚያም ከ10 ሰዓት በላይ በረራ አለ። የእናትሽ ቪዛ የአንድ ጊዜ ከሆነ ግን የሚታየኝ ምርጫ ወይ እሱ ነው፣ ወይ ባሕሩን ትቶ የናያጋራን ፏፏቴ በአሜሪካ በኩል ማሳየት። ወንድምሽ እንዳይቀየመኝ እንጂ እኔ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር።

ቪዛቸው የብዙ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ ማያሚም ይሆናል። የሚቆሙባቸው አገሮችም የራሳቸውን ቪዛ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ወንድምሽ ሳይከፍል በፊት ድርጅቱን ይጠይቅ። "የኢትዮጵያ ፓስፖርት" ብሎ ለይቶ ይንገራቸው። የሚያውቁት የአሜሪካዊ ደንበኛ ነገር ስለሆነ ዝም ካላቸው "ችግር የለም" ይሉታል።

መርከቡን ሲመርጥ አዲስና ግዙፍ የሆነውን ይተወው። አሁን ፉክክሩ በትልቅነት ነው። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ርዝመትና 20 ፎቅ አለው፤ ሲሞላ ከ7 ሺህ በላይ እንግዳ ይይዛል። የውሃ መንሸራተቻ፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ጩኸት። ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ መሄድ ራሱ ጉዞ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናት ምን ይፈይዳል? ድርጅቶቹ የራሳቸውን ደሴትና የባሕር ዳርቻ እያዘጋጁ መርከቡን እዚያ ያቆማሉ፤ ሮያል ካሪቢያን ኮኮኬይ አለው፣ ካርኒቫልም በ2025 ሴሌብሬሽን ኪይን ከፍቷል። ብርሽን ያኔም እዚያው ለእነሱ ነው የምታወጪው። ገበያው ግን ደርቷል፤ በ2024 ወደ 34.6 ሚሊዮን ሰው በክሩዝ ተጉዟል። እናትሽ ቆየት ባለና አነስ ባለ መርከብ ይሂዱ። ክፍሉ መሐል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይሁን፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሳያስመልሳቸው የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ መርከቡ ምንም አይላቸውም።

ምግብ ሞልቷል፣ ሥጋው ግን ሐላል ነው ብለሽ አትገምቺ። ወንድምሽ ትኬት ሲቆርጥ ይጠይቅላቸው፤ ካልሆነ ዓሣና አትክልት አይጠፋም። ለሶላት ቂብላው (የመካ አቅጣጫ) ያስቸግራል፣ መርከቡ ይዞራላ! ብዙ መርከቦች ላይ የክፍሉ ቴሌቪዥን መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ የሚያሳይ ጣቢያ አለው፤ እሱን ያሳያቸው።

"ሁሉም ተከፍሏል" ቢባልም ለሠራተኞች ጉርሻ በየቀኑ በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይታሰባል። ኢንተርኔት ለብቻው ነው። ስልካቸው ከወደብ ሲወጡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ የመርከቡ ኔትወርክ ቢል ያስለቅሳል። ድምፃቸው ቢጠፋብሽ አትደንግጪ። የመርከቡ ክሊኒክም ያስከፍላል፤ በሕመም ከመርከብ ማውጣትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይግዛላቸው። የግፊት መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ምክንያቱም ተርሚናል ላይ የሚሰጡት ትልቁ ሻንጣ ክፍላቸው የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው።