ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሀሁን በቃሉ ይወጣዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ይገጥማል፤ አንዴ የሰማውን ተረት ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ንባብ ላይ ግን አልሆነለትም። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይሉታል፤ እናቴ «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው አባቱ ደግሞ በቀበቶ ይገርፈዋል። አንዲት ጎረቤቴ «አንስታይንም በልጅነቱ ሒሳብ ይወድቅ ነበር፤ ተይው ይደርሳል» ብለው ያጽናኑኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትዎ ልጀምር። በቅንነት የተናገሩት ነው፤ ታሪኩ ግን ትክክል አይደለም፤ «ተይው ይደርሳል» የሚለው ምክርም ልጁን ጊዜ ያሳጣዋል። አንስታይን ሒሳብ ወድቆ አያውቅም፤ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ የተባለውን ከፍተኛ ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና ያላለፈውም በሌሎች ትምህርቶች ምክንያት እንጂ በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ነበረው።

የልጅዎን ነገር የሚመስል ታሪክ ከፈለጉ የካሮል ግሬደር ይሻላል። እኚህ አሜሪካዊት ሳይንቲስት በልጅነታቸው ቃላትን በድምፅ እየነጠሉ ማንበብና በትክክል መጻፍ ስላቃታቸው፣ ከክፍል እየተጠሩ ለብቻ ይረዱ ነበር። ችግራቸው ዲስሌክሲያ የተባለ የንባብ ችግር መሆኑን ያወቁት በጣም ዘግይተው ነው። ቃላቱን እንዳሉ በመሸምደድ ትምህርታቸውን ገፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ፣ በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘውን ክር፣ የክሮሞዞምን፣ ጫፍ የሚያድሰውን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ምልክት በቤተ ሙከራ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2009ም የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋሩ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በልጅነታቸው «ደደብ ነኝ» ብለው ያምኑ እንደነበርና ይህ ስሜት ቶሎ እንዳልለቀቃቸው ተናግረዋል። የእርስዎም ልጅ «ሰነፍ» መባልን በየቀኑ እየሰማ ነው።

ዲስሌክሲያ ማለት አንጎል የፊደልን ቅርጽ ከድምፁ ጋር ማያያዝ የሚከብድበት ሁኔታ ነው። ከስንፍናም ሆነ ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም። ልጅዎ ይህ አለበት ብዬ በጽሑፍ ልፈርድ አልችልም፤ ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ይሞክሩ። የፊደል ገበታው ላይ «ቤ»ን ብቻ ጠቁመው «ይህ ማን ነው?» ይበሉት። አንዲት ልጅ እኔ ዘንድ መጥታ ይህንኑ ስጠይቃት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር፤ ከንፈሯም ሳይሰማ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ...» ይላል። ሀሁን እንደ ዜማ ይዛዋለች እንጂ አንዱንም ፊደል በመልኩ አታውቀውም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፣ ተራው ሲዘበራረቅ ልጁ ፊደሉን በእርግጥ መለየቱን ለማየት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዓይኑና ጆሮው ይመርመር። አጥርቶ የማያይ ወይም ጆሮው እየመገለ የሚቸገር ልጅ በከንቱ ሲገረፍ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦትና ቁርስ ሳይበሉ ትምህርት ቤት መሄድም ያፈዛሉ። ለሰከንዶች ፈዞ ቀርቶ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ የሚችለውን እየረሳ ከመጣ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት፤ የሚጥል በሽታ አንዳንዴ እንዲህ ይጀምራል። እናትዎ ጸበል ሊወስዱት ቢፈልጉ አልቃወምም፤ ምርመራውና ትምህርቱ ግን አይስተጓጎል።

ዲስሌክሲያ ሆኖ ከተገኘ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። የሚረዳው ደረጃ በደረጃ፣ በትዕግሥትና በድግግሞሽ ማስተማር ነው። ከካርቶን ፊደላትን ቆርጣችሁ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያጥና፤ ድምፁን እያወጣ በጣቱ ቅርጹን ይከተል፤ ከዚያ ካርቶኑን በውዙለት። «በግ» ሲል «በ» እና «ግ» ለየብቻ እንዲሰሙት አድርጉ። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ሲደክመው አቁሙ። ማታ ደግሞ እርስዎ ያንብቡለት፤ ተረት የሚወድ ልጅ የመጻሕፍት ፍቅሩ እስኪያነብ ድረስ ለምን ይጠብቅ?

መምህሩንም በአክብሮት ቀርበው ያነጋግሩ። ሳይዘጋጅ በክፍሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አያስነሱት፤ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ ይስጡት፤ የሳይንሱን ጥያቄ በቃል ይጠይቁት። ያኔ ምን ያህል እንደሚያውቅ ራሳቸው መምህሩ ያዩታል።

ቀበቶው ግን ዛሬውኑ ይቁም። ፍርሃት የያዘው ልጅ የሚያውቀውም ፊደል ይጠፋበታል። ለባለቤትዎ ይህን ሲነግሩ አይውቀሷቸው። ዲስሌክሲያ ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል፤ ከስድስተኛ ክፍል ለምን እንዳቋረጡ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? እስቲ አንድ ቀን ምሽት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ንባብ እንዴት ይሆንላቸው እንደነበር ይጠይቋቸው። ወደ ሐኪም ስትሄዱም ሦስታችሁም ሂዱ።