ልጄን ስካውት ላስገባው ወይ? የወላጆች ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመው የስካውት ቡድን (ልጆች ካምፕ እየወጡና ማኅበረሰቡን እያገለገሉ የሚማሩበት) ረዳት መሪ ነኝ። ሰሞኑን ሐበሻ ወላጆች ስልኬን ስላጨናነቁት፣ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ቡድኑ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ልጄን ሃይማኖት ሊያስለውጡት አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። አሜሪካ ውስጥ ቡድን የሚያቋቁመው ዋናው የስካውት ድርጅት ሳይሆን የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማኅበር ነው። የኛዎቹ በሳምንት አንድ ማታ ቤዝመንቱን ይሰጡናል፣ መሪዎቹንም ያጸድቃሉ። የስካውት ሕግ 12 ነጥቦች አሉት። የመጨረሻው ፈጣሪን ማክበር ነው፤ በየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ግን አይልም። ሙስሊም ልጆችም አሉን። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ግን አልልም። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ለምሳሌ ከ1913 እስከ 2019 መጨረሻ ስካውትን የራሱ ወጣቶች ፕሮግራም አድርጎት ነበር። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያኑስ ምን ይጠቀማል?

መልስ፦ ጉልበት! ቀልዴን አይደለም። በኖቬምበር ልጆቹ በየቤቱ ማስታወሻ ይሰቅላሉ፤ በሳምንቱ ዞረው ሰው በር ላይ ያስቀመጠውን የታሸገ ምግብ ይሰበስባሉ። ምግቡ ለችግረኞች ይሄዳል። የአሮጊቶችን ጓሮ ቅጠል ይጠርጋሉ። የመጨረሻውን ማዕረግ፣ ንስር የሚባለውን፣ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላው 21 ባጅ (በየሙያው ተምሮ ላጠናቀቀ የሚሰጥ ምልክት) መያዝ፣ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሥራም አቅዶ ሌሎችን እየመራ መጨረስ አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች የአንድ ልጅ ሥራ ናቸው። አባቱ መዶሻውን ሊቀማው ሲል ስንት ጊዜ እንደያዝነው! ጠማማ ሚስማር ዛሬም ይታያል። እኔ በበኩሌ ሚስማሩን እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ በልጆች ላይ ጥቃት ተፈጽሟል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ልመን?

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው፣ ወንድሜ። ድርጅቱ በ2020 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ፤ ከ80,000 በላይ ሰዎች ተጠቃን ብለው አመለከቱ፤ ካሳውም 2.46 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቤተ ክርስቲያናትም ደንግጠው አንዳንዶቹ አዳራሽ ብቻ ወደ መስጠት ሄደዋል። ዛሬ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው መሆን ክልክል ነው። ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ፣ 21 ዓመት የሞላቸው መሪዎች መኖር አለባቸው። መሪ የሚሆን ሰው ይሠለጥናል፣ የኋላ ታሪኩም ይጣራል። ግን በኔ ቃል ብቻ አትመን። ና፣ ከኋላ ተቀመጥና እይ። ወላጅ መጣ ብሎ ፊቱን የሚያጠቁር ቡድን ካጋጠመህ ልጅህን ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅስ?

መልስ፦ ትችላለች። ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ሴቶች ከ2019 ጀምሮ ይገባሉ። ድርጅቱም «ቦይ ስካውትስ» (ወንድ ስካውቶች) ይል የነበረውን ስሙን በ2025 «ስካውቲንግ አሜሪካ» ብሎታል።

ጥያቄ፦ ካምፕ ሲወጡ ጾሙስ? ቅዳሴውስ?

መልስ፦ ጾሙ ቀላል ነው። ምግቡን የሚያቅዱት ልጆቹ ራሳቸው ስለሆኑ ልጅዎ ቀድሞ ይናገር። የኔው ልጅ ሽሮ ዱቄት በላስቲክ ይዞ ሄዶ ለጓደኞቹ ሠርቷል፤ ድስቱን ማጠብ ግን አቃታቸው። ቅዳሴው ይከብዳል። ካምፑ ከዓርብ እስከ እሑድ ነው። እኔ አንዳንዴ ቅዳሜ ማታ እመልሰዋለሁ፣ አንዳንዴ ይቀርበታል።

ጥያቄ፦ ዩኒፎርሙ ውድ ነው?

መልስ፦ አዲስ ከሆነ አዎ። የጠበባቸው ልጆች የተዉት አንድ ሳጥን ሙሉ ቤዝመንቱ ውስጥ አለ። ማክሰኞ ማታ ልጅዎን ይዘው ይምጡና ይለካ።