ርካሽ ጎማ በሌላ ቁጥር፦ የኤስዩቪ ባለቤቶች ጠየቁ፣ እኔ መለስኩ

ጎማ ስሸጥና ስገጥም አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞሮ ዞሮ አንድ ናቸው፦ «የመኪናዬ ቁጥር ጎማ ወይ ጠፍቷል ወይ ዋጋው አይቀመስም፤ ሌላ ቁጥር ብገጥምስ?» ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ የ2017 ሞዴል ቱሳን አለኝ። ጎማው 245/45/19 ነው፤ አራቱም አልቀዋል። ሻጩ «ባለ 17 ቸርኬ ግዛና 225/60 ግጠም፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ሊሸጥልኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ነው ወንድሜ። ሊሸጥልህ ነው፤ ግን እውነቱንም ነው። ያ ቱሳን ከፋብሪካ የወጣው በአንድ ጎማ ብቻ አይደለም፤ 215/70/16፣ 225/60/17፣ 225/55/18 እና ያንተው 245/45/19 ነበሩት። ባለ 19ኙ ለሚያምርበት፣ ባለ 17ቱ ለሚሠራበት ነው። ስለዚህ ሌላ ቁጥር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የመኪናዬ ታናሽ ወንድም ምን ያደርጋል?» ነው። ያው መኪና ረከስ ባለው ደረጃ ሲሸጥ የነበረበት ቁጥር ፋብሪካው ራሱ ፈትኖ የለቀቀው ነው፤ እኔም ሆንኩ ጎሚስታው ከዚያ በላይ አናውቅም።

ቁመታቸውን ብትለካ የ19ኙ 703 ሚሊሜትር፣ የ17ቱ 702 ነው። መኪናው ልዩነቱን አያውቀውም፤ ወገብህ ግን ያውቀዋል። የጎማው ጎን ከ110 ወደ 135 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ቸርኬህን ከመጣመም የሚያድነው ያቺ 25 ሚሊሜትር ናት።

ቸርኬውን ከሶማሌ ተራ ከሆነ የምትገዛው አንድ ነገር ልብ በል። አምስት ዳዶ ስለሆነና ዳዶው ስለገጠመ ብቻ አትክፈል። የራቭ ፎርም የቱሳንም ዳዶዎች የሚደረደሩበት ክብ ወርዱ 114.3 ሚሊሜትር ነው፤ የመሀሉ ቀዳዳ ግን የራቭ ፎር 60.1፣ የቱሳን 67.1 ሚሊሜትር ነው። የራቭ ፎር ቸርኬ ቱሳንህ ላይ እስከ መጨረሻው አይቀመጥም። አንዱን የፊት እግር ላይ አስገጥመህ በእጅህ አሽከርክረው፤ የፍሬኑን ካሊፐር ሳይነካ ከዞረ ያኔ ስለ ዋጋ ትነጋገራለህ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ይህን የቁመት ነገር እንዴት ነው የምታሰሉት? ለኔ ቁጥሩ ሁሉ አንድ ነው።

መልስ፦ በስልክህ ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 225/65/17ን እንውሰድ። 225 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ነው። 17 የቸርኬው ኢንች ነው። 225 ሲባዛ በ65 ሲካፈል ለ100፣ 146.25፤ ጎን ከላይም ከታችም ስላለ እጥፍ አድርገው፣ 292.5። 17ን በ25.4 አባዛ፣ 431.8። ደምረው፤ 724 ሚሊሜትር ገደማ።

አሁን 225/70/16ን ራስህ ሥራው፤ 721 ይመጣልሃል። ግራንድ ቪታራ በሁለቱም ቁጥር የወጣው ለዚህ ነው። የቁመት ልዩነቱ ከ3 በመቶ ካለፈ ተወው። እኔ እንደ ልማድ ከ2 በመቶ በላይ አልሄድም፤ ይቅርታ ማድረግ የማይወድ መኪና ብዙ አይቻለሁ።

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ቁጥርና ፊደልም አንብብ፤ ብዙ ሰው ዘሏት ነው የሚሄደው። 98 ከሆነ አንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይሸከማል፣ 99 ከሆነ 775፣ 102 ከሆነ 850። ከበፊቱ ያነሰ ቁጥር በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ። ፊደሏ የፍጥነት ናት፤ ቲ 190፣ ኤች 210 ኪሎሜትር በሰዓት። እኛ አገር ማን 190 ይነዳል ትለኝ ይሆናል፤ ግን ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ሙቀትንም የተሻለ ይችላል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ፕራዶዬ 265/65/17 ነው። 265/70/17 በጥሩ ዋጋ አግኝቼ አራቱን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ መብላት ጀመረብኝ። የጎማው ጥፋት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ግማሹ የጎማው ጥፋት ነው፣ ግማሹ የሒሳቡ። የበፊቱ ጎማዎ ቁመት 776፣ የአሁኑ 803 ሚሊሜትር ነው፤ 3.4 በመቶ አድጓል። ጎማው አንዴ ሲዞር ከበፊቱ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ መኪናው ግን አሁንም በድሮው ጎማ ነው የሚቆጥረው። ቆጣሪው 100 ኪሎሜትር ሲልዎት በእውነቱ 103 ተኩል ያህል ሄደዋል። ነዳጁን በቆጣሪው ሲያካፍሉት ያልበላውን የበላ ይመስላል። የቀረው ግን እውነት ነው፤ ጎማው ከፍ ያለና የከበደ ስለሆነ ለማንቀሳቀስም ለማቆምም ይከብዳል።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው፤ 80 ሲያሳይዎት 83 ገደማ እየሄዱ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ቆጣሪ ከእውነቱ ትንሽ አብልጦ ስለሚያሳይ ብዙ አያስደነግጥም፤ ለማወቅ ያህል ነው። ከመሬት ያተረፉት ከፍታ 13 ሚሊሜትር ነው፣ የጣት ወርድ። ለዚያ ያህል እኔ አልቀይርም ነበር። አሁን ከገጠሙ ግን ስኮርቱንም አይርሱ። የድሮው አጭር ጎማ ከአንድ ረጅም ጎን ለጎን ገብቶ ረጅም መንገድ መሄድ የለበትም።

ሌሎች የፕራዶ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ያዙ፦ 265/70/16፣ 265/65/17 እና 265/60/18 ቁመታቸው የሚለያየው 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቸርኬ ካገኛችሁ በእነዚህ መሀል መንቀሳቀስ ትችላላችሁ።

ጥያቄ (ከሃዋሳ)፦ የ2008 ራቭ ፎር፣ 225/65/17 ነበር። ባለ 16 ቸርኬና 245/70/16 ጎማ አንድ ላይ ተገኝቶ ገጠምኩ። ያምራል። ግን መሪ ጨርሼ ስጠመዝዝ «ሽርርር» ይላል።

መልስ፦ ያ ድምፅ ገንዘብህ እየተላገ ነው። ቁመቱ ከ724 ወደ 749 አድጓል፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ጨምሯል። የገባበት ቦታ ግን አልጨመረም።

ባለፈው ክረምት አንዱ ልክ እንዳንተው አድርጎ መጣ። ጎማውን ፈትተን የውስጡን ጎን በጨርቅ ስንጠርገው አንዲት ቀለበት ታበራለች፤ መስታወት በላት። ወደ ላይ አሻቅበን ስናይ ሞላው የተቀመጠበት ሳህን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። እሱ የሚሰማው የፓራፋንጎው ፕላስቲክ ሲፋቅ ነበር፤ ዋናው ግን እሱ የማይሰማው ነው። ትንሿን ጣቴን በሁለቱ መሀል ላስገባ ስል አልገባ አለችኝ። ያ ጎን ቢሰነጠቅ የሚፈነዳው በፍጥነት ላይ ነው።

አንተም ዛሬውኑ ፈትተህ እይ። ቀለበቷ ካለች ጎማውን ሽጠው። «ስፔሰር (ከቸርኬው ኋላ የሚገባ ሳህን) እናስገባለት» ወይም «ፕላስቲኩን እንቁረጠው» የሚልህን አመስግነህ ሂድ። ስፔሰሩ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጭነቱ ደግሞ ኩሽኔታው ላይ ይወድቃል። ሌላው ሰው ከመግዛቱ በፊት ሲሞክር ባዶ መኪና ላይ እንዳይሞክር፤ አራት ሰው ጭኖ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ፣ የመንገድ ጉብታ ላይ ይውጣበት።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ለጊዜው ሁለት ጎማ የሚገዛ ብር ነው ያለኝ። ግራንድ ቪታራ ነው። የፊቶቹን በሌላ ቁጥር ልቀይር?

መልስ፦ በሌላ ቁጥር፣ በፍጹም። የዚያ ቪታራ ፎር ዊል ሁልጊዜ ነው የሚሠራው፤ ፊትና ኋላ ቁመቱ ከተለያየ መሀል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ አያርፍም። መቆለፊያውን አስፋልት ላይ ካበራኸውማ ጭራሽ። ሁለት ብቻ ከሆነ የምትገዛው እዚያው ቁጥር ላይ ቆይ፤ አዲሶቹን ደግሞ ከኋላ ግጠም። ሁሉም ከፊት ይላል፣ አውቃለሁ። ግን በዝናብ ፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ፍጥነት ቀንሰህ ትመልሰዋለህ፤ ኋላው ሲንሸራተት ግን ዞሮ ነው የምታገኘው።

ጥያቄ (ከመርካቶ አካባቢ)፦ ሻጩ «የ2016 ምርት ነው፣ አዲስ ነው» አለኝ። ማረጋገጫው ምንድነው?

መልስ፦ በማን አቆጣጠር? ሳቅህ መጣ አይደል፤ ግን በዚህ የተሸወደ አለ። ጎማ ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች ነው። ጎኑ ላይ ከሚደረደሩት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ፣ አራት ቁጥሮች ክብ ውስጥ አሉ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ግድም ማለት ነው። አራቱ ቁጥር የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላገኘኸው ገልብጠው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ መጋዘን ውስጥ ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዝ ያቅተዋል። እኔ ለራሴ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ አዲስ ጎማ በሙሉ ዋጋ አልገዛም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጎማስ?

መልስ፦ ለስኮርት ካልሆነ አልመክርም። ከውስጥ የተጠገነውን ከውጭ አታየውም። ግድ ከሆነ ከቸርኬው አስወጥተህ ውስጡን በእጅህ ዳስስ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ለአሮጌው ቱሳኔ 215/65/16 ከኋላው «ሲ» የተጻፈበት በጣም ረክሶ አገኘሁ። ልክ መጠኔ ነው።

መልስ፦ መጠኑ ልክ ነው፣ ጎማው ግን ለዕቃ ጫኝ ቫንና ለሚኒባስ የተሠራ ነው። ጎኑ ወፍራም ነው፣ ብዙ ነፋስ ይፈልጋል፤ በባዶ መኪና ያነጥርሃል። ገጠር ለገጠር ጭነት የምታመላልስ ከሆነ ግዛው፣ ያዋጣሃል። ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ ከሆነ ትንሽ ጨምረህ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ (ከቦሌ)፦ ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው፣ አይዲ 4። የፊትና የኋላው ቁጥር ይለያያል፤ አራቱንም አንድ ባደርጋቸው ዋጋው ይቀንስልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከቆመ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ባለ 19 አይዲ 4 ብዙውን ጊዜ ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ነው። ቁመታቸው 741 እና 738 ስለሆነ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የኋላው የሰፋው ሞተሩ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የኋላውን ቸርኬ ሳትቀይሪ ጠባብ ጎማ ብታስገቢበት ከንፈሩ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ለደንበኛ አልገጥምም። የሚያዋጣሽ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘሽ ስሙ ያልገነነ ግን የጭነት ቁጥሩ ከበፊቱ ያላነሰውን መፈለግ ነው። መኪናው ከባድ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ከመብራት ስትነሺም ረገጥ አታድርጊ፤ የኤሌክትሪክ ጎማ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ የ2020 ራቭ ፎር፣ 235/55/19። እዚህም ጎማው ውድ ነው። ወደ 17 ልውረድ?

መልስ፦ ውረድ። ያንተው ሞዴል በ225/65/17 ም ወጥቷል፤ ቁመቱ በ2.3 በመቶ ያንሳል፤ ከኔ የ2 በመቶ ልማድ ትንሽ ቢያልፍም ፋብሪካው ራሱ የለቀቀው ስለሆነ አያሳስብም። ለበረዶውም ጠበብ ያለው ይሻልሃል። ግን ባለ 17ቱ ቸርኬ ውስጥ የነፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር መኖሩን ጠይቅ። ከሌለ ዳሽቦርድህ ላይ ቢጫ መብራት እንደበራ ይከርማል፤ አራት ሴንሰር መግዛቱ ደግሞ ያተረፍከውን ይበላዋል።

ጥያቄ (ከአዋሽ)፦ ቁጥር ከቀየርኩ በኋላ ነፋሱ ስንት ይሁን? ጎሚስታው ጎኑ ላይ ያለውን አይቶ 44 ሞላልኝ።

መልስ፦ ያ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ የመኪናህ ልክ አይደለም። የሹፌር በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የታናሽ ወንድሙን ጎማ ከገጠምክ የእሱም ነፋስ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ጠዋት ሳትነዳው በፊት አስለካ። አዲስ አበባ የሞላኸው ጎማ አፋር ሲወርድ የውጩ አየር ስለሚከብድ 3 ፒኤስአይ ያህል ጎድሎ ይታያል፣ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያነሣዋል። መንገድ ላይ ግሎ ስታገኘው «በዛ» ብለህ አታስተንፍስ፤ ሌሊት ሲበርድ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከሰሚት፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ 17ቱን ገጠምኩ፣ አመሰግናለሁ። ጎሚስታው አሮጌዎቹን አራት ጎማዎች በነፃ ልውሰድልህ እያለኝ ነው።

መልስ፦ አትስጠው! ቁመቱ ስለሚቀራረብ ደህናው አንዱ ከነቸርኬው ለስኮርት ይሆንሃል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛህ ከቻለው። ሦስቱን ቸርኬ ሽጣቸው። ጎማውንም ቢሆን በረባሶ ሠሪው በብር ነው የሚገዛው፣ ተደራደር።