ጅዳ ተቀምጦ ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት ማስተዳደር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጅዳ ሠርተሽ በላክሽው ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ ዳቦ ቤት ተከፈተ፤ ወንድምሽ ይዞታል፤ ዳቦው ይሸጣል፣ ወረፋ አለ ይሉሻል፤ ላንቺ ግን የሚደርስ ነገር የለም። «መጥቼ ራሴ ልያዘው ወይስ ልሽጠው?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «ወንድምሽ እየበላብሽ ነው» ብለዋል። እኔ እንደዚያ ለማለት አልቸኩልም።

በሁለቱም በኩል ስለነበርኩ ነው። ደሴ ላይ የሰው ዳቦ ቤት ለዓመታት አስተዳድሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ የራሴን ሌላ ሰው ያስተዳድርልኛል። ባለቤት መሆንና ማስተዳደር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ክፍያቸውም ይለያያል። ባለቤት የሚያገኘው ትርፍ ነው፣ ያውም ካለ። አስተዳዳሪ ግን ቢተርፍም ባይተርፍም ደመወዙን ማግኘት አለበት።

ወንድምሽ ደመወዝ አለው? ስለዚህ ምንም አልጻፍሽም። ከሌለው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሊጥ የሚያስቦካ ሰው ከመሳቢያ የሚያወጣው ብር ለሱ የላቡ ዋጋ ነው፤ ላንቺ ደግሞ የጠፋ ትርፍ ነው። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ጸብ የሚወልደውም ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ሰው ብትቀጥሪ የምትከፍዪውን ያህል ቁረጪለትና በየወሩ ይውሰድ። ስምምነታችሁ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን የሥራ መሪ አይሸፍንም። ስለዚህ ነገ ብትጋጩ የምትይዙት ውላችሁን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ወሎ ውስጥ ስንት ቤተሰብ በዚህ ተለያይቷል! ብሩን የላከችው እህት፣ ፈቃዱ የወጣው በወንድም ስም። እንደዚያ ከሆነ በመንግሥት መዝገብ ላይ ነጋዴው እሱ ነው፤ ግብሩም የሚጠየቀው በሱ ስም ነው። አንቺ ብር መላክሽን የሚያሳይ የሐዋላ ወረቀት እንጂ ድርጅት የለሽም። ፈቃዱ በስምሽ ከሆነ ደግሞ እሱ ለሥራው በዱቤ ያመጣው ዱቄት ያንቺ ዕዳ ነው፤ የግል ነጋዴ በሱቁ ብቻ ሳይሆን በሌላ ንብረቱም ይጠየቃል። ይህ የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል፤ ጠበቃ አማክሪበት።

ለወንድምሽ የሰጠሽው ውክልና ካለም አውጥተሽ እዪው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል፣ ዕዳ ይሰበስባል፣ ይከፍላል። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ለናንተም ይኸው መስመር ይበቃችኋል። የዳቦ ሰዓት፣ የሠራተኛ ፈረቃ፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ስንት ፓትራ (የመጋገሪያ ትሪ) ይጋገር የሚለው የሱ ነው። ሁለተኛ ማሽን መግዛት፣ ከሱቁ ገንዘብ ዕቁብ መግባት፣ ለዘመድ ማበደር ካንቺ ፈቃድ ውጭ አይሆንም።

አሁን ከጅዳ ሆነሽ እንዴት ትቆጣጠሪያለሽ? ሁለት ቁጥር ብቻ ጠይቂ፤ ዛሬ ስንት ኩንታል ተከፈተ፣ ስንት ዳቦ ወጣ። አንድ ኩንታል ዱቄት ከ55 እስከ 60 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ሊጡ ከ155 እስከ 160 ኪሎ ይሆናል። በ100 ግራም ከተቆረጠ፣ የተቃጠለውና የተበላሸው ሲቀነስ፣ ወደ 1,500 ዳቦ መውጣት አለበት። የሚነገርሽ 1,200 ከሆነ ሦስት ነገር ይጣራል፤ የሊጡ ሚዛን፣ የዱቄቱ ጥራት፣ ወይም ሳይመዘገብ የሚወጣ ዳቦ። መጀመሪያ ሚዛኑን አስለኪ፤ ከባድ እጅ ያለው ቆራጭ ማንንም ሳይሰርቅ ያከስራል።

አንድ ነገር አደራ፣ ለጋጋሪው በቀጥታ አትደውዪ። ደሴ እያለሁ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን ማታ ማታ ለጋጋሪው ይደውሉ ነበር። አንድ ሌሊት «ሊጡን ቀነስ አድርገህ ቁረጥ» አሉት። እኔ ለምግብ ቤቶች በሙሉ ሚዛን እንዲወጣ አዝዤ ነበር። ጠዋት ፓትራው ሲወጣ በአንዱ ላይ ሁለት ዓይነት ዳቦ ተደርድሯል፤ ትልቁ ውስጡ አልበሰለም፣ ትንሹ ደርቋል። ምግብ ቤቶቹ መለሱት። ከዚያ ወዲያ ጋጋሪው ያልኩትን ሁሉ «ቆይ ልደውል» ይለኝ ጀመር። ሥራውን የለቀቅኩት ለዚያ ነው እንጂ በደመወዝ አልነበረም። ቅሬታ ካለሽ ለወንድምሽ ንገሪው፣ ከሱ አልፈሽ አትውረጂ።

ልሽጥ ወይስ ልምጣ ላልሽው፣ አሁን ሁለቱንም አታድርጊ። ዳቦ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ከሊጡ ጋር ነው የሚያድረው፤ ያንን ሥራ ካልለመድሽው የጅዳ ደመወዝሽን ትተሽ ብትመጪ የወንድምሽን ድካም ትወስጃለሽ እንጂ ትርፉን አትጨምሪም። ደመወዙ ተቆርጦ፣ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱና ግብሩ ተከፍሎ፣ የቀን ሽያጩ በደብተር ተይዞ ለጥቂት ወራት ይሂድ። ከዚያ በኋላ ትርፍ ካልታየ ሽጪው፤ ሒሳቡ የተያዘ ዳቦ ቤት ለገዢም ይታመናል። ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነና ውክልናው ምን እንደሚል ጻፊልኝ፤ የቆንስላ ሥራ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ እንነሳለን።