አውራ ጣትዎን ያሳርፉት፦ ጀርባ ስለማሸት ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ማታ ማታ ትከሻውንና ጀርባውን አሽለታለሁ። ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አውራ ጣቶቼ ይዝላሉ፣ እሱም በማግስቱ «ከትናንቱ ባሰብኝ» ይለኛል። ምን እያጠፋሁ ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አይዞዎት፣ የጎደለዎት ጉልበት የለም፤ የጎዳው መብዛቱ ነው። በአውራ ጣት ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ መቆየት የሚያሸውንም የሚታሸውንም ያሳምማል። የደከመ ጡንቻ በድንገት በኃይል ሲጫኑት ይበልጥ ይቋጠራል። ስለዚህ ጣትዎ ይረፍ፣ የሰውነትዎ ክብደት ይሥራ።

መጀመሪያ ቦታውን ያስተካክሉ። ስፖንጅ ፍራሽ ያለው አልጋ አይሆንም፤ በተጫኑት ቁጥር ሰውየው ይሰምጣል፣ እርስዎም ወገብዎን አጣመው ነው የሚሠሩት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጋቢ አጥፈው ይደርቡበት። በሆዱ ሲተኛ ከሆዱ ሥር ስስ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉለት፤ ወገቡ እንዳይሰረጉድ። ግንባሩን በተጠቀለለ ነጠላ ላይ ያሳርፍ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ሃያ ደቂቃ ከቆየ፣ እርስዎ የፈቱት ትከሻ መልሶ ይታሰራል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማታዋ ይበርዳል፣ የበረደው ጡንቻ ደግሞ አይፈታም። እጅዎ ያልደረሰበትን ገላ በጋቢ ይሸፍኑለት። አደራ፣ በር ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ! ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ያሸለበ ሰው እንዳሸለበ ይቀራል።

በርበሬ ወይም ቃሪያ ነክተው ከነበረ ውሃ ብቻውን አያጠራውም። እጅዎን መጀመሪያ በጥቂት የምግብ ዘይት ይሹ፣ ከዚያ በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠቡ። ቀለበት ይውለቅ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ዘይቱ ለመላው ጀርባ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ሰሊጥም ሆነ የወይራ ችግር የለውም። ከበዛ እጅ ይንሸራተትና ጡንቻውን መያዝ ያቅታል። መዳፍዎ ላይ አድርገው ካሞቁት በኋላ ይቀቡት፤ ቀዝቃዛውን ጀርባው ላይ ቢያንጠባጥቡት ገላው ይኮማተራል።

አሁን ከጎኑ ይንበርከኩ። በጀርባው መሐል ለመሐል እየተደረደረ የሚዳሰሰው አከርካሪ ነው፤ እጅዎ እሱ ላይ አይውጣ። ከእሱ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ በግራና በቀኝ ወፍራም ገመድ የመሰለ ጡንቻ ያገኛሉ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ሁለት መዳፍዎን ከወገቡ ላይ ዘርግተው እስከ ትከሻው በዝግታ ይግፉ፣ አንዱ ጉዞ 6 ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ሲመለሱ በጎድኑ በኩል ሳይጫኑ ይውረዱ። ይህን 10 ጊዜ ሳይደጋግሙ ወደ ጠንካራው አይግቡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቸኩሎ ቋጠሮ ፍለጋ ይሄዳል። ቀጥሎ ክንድዎን ሳያጥፉ በመዳፍዎ ሥር ተደግፈው ክብደትዎን ቀስ ብለው ይልቀቁበት፣ መልሰው ያንሱ፣ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ይበሉ። በመጨረሻው ጎድንና በዳሌው መካከል ባለው ለስላሳ ቦታ አካባቢ ግን ኩላሊት ስላለ በዝግታ ይለፉ፤ መደብደብም መጫንም አይገባም። በአንገትና በትከሻ መሐል ያለውን ሥጋ በአራት ጣትና በመዳፍ ሥር ይዘው እንደ ሊጥ ያንሱት፣ ጨምቀው ይልቀቁት።

የልብስ ሰፊ ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአከርካሪውና በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት መካከል ነው፤ ክንዱ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ተዘርግቶ ያንን ጡንቻ ሲጎትተው ይውላልና። ቦታው ለእጅ እንዲመች የዚያን ጎን እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ወገቡ ላይ ያሳርፍ። ያኔ ጠፍጣፋው አጥንት ከፍ ይልና ጠርዙ በግልጽ ይታያል። በጠርዙ ሥር ጣትዎን ሲያንሸራትቱ እንደ ሽንብራ ፍሬ የሚንከባለል ነገር ካገኙ፣ በጣትዎ መገጣጠሚያ ወይም በክንድዎ ሥጋማ ክፍል 20 ሰከንድ ያህል በእርጋታ ይጫኑት። «ከአሥር ስንት ያምሃል?» ይበሉት፤ ከ5 ካለፈ ያላሉ። መልስ ባይሰጥ እንኳ ትንፋሹን ከያዘ ወይም የእግሩን ጣቶች ከቆለመመ በዝቶበታል። ጠቅላላው 25 ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው። በማግስቱ ቀለል ያለ መድከም ቢሰማው በሁለት ቀን ውስጥ ይለቀዋል። ወንበሩንም ከፍ ያድርግ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ይበል፤ ያለዚያ የማታው ልፋትዎ ጠዋት ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ከጤፍ አጨዳ ስመለስ ወገቤ አልቀና ይላል። ልጆቼ ጀርባዬ ላይ ወጥተው ይረግጡኛል። ቋ ሲል «አብሽር አባባ፣ ቦታው ገባ!» ይሉኛል። ጉዳት አለው? (ከመርሳ)

መልስ፦ ወደ ቦታው የገባ ነገር የለም። ቋ የሚለው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ነው፤ ለጊዜው ቢያቀልም የደከመውን ጡንቻ አይፈታም። አደጋው ያለው በእግሩ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሙሉ ክብደቱ በአንዲት ተረከዝ ላይ ሲያርፍና ያቺ ተረከዝ ስትንሸራተት አከርካሪ ወይም 11ኛውና 12ኛው ጎድን ላይ ታርፋለች። እነዚህ ሁለቱ ጎድኖች ከፊት ከምንም ጋር አልተያያዙም። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ላይ ከሆነማ የሳሳ አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ለእነሱ ፈጽሞ አይደረግ።

ለአጫጅ የሚበጀው ሌላ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ባትዎን በርጩማ ላይ ይስቀሉ፣ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ ሙቅ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወገብዎ ላይ 15 ደቂቃ ይቀመጥ (ስኳር በሽታ ኖሮዎት ቆዳዎ የደነዘዘ ከሆነ ግን ሳይታወቅዎ ያቃጥልዎታል፣ ይተዉት)። ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ የሚሸከመው ወገብ ብቻ አይደለም፣ መቀመጫና የጭን ጀርባም ጭምር ነው፤ እዚያ ሲታሹ ወገቡም ይቀላል። ልጆቹ በእግራቸው ማገዝ ከፈለጉ አንድ እግራቸው መሬት ሳይለቅ፣ ግድግዳ ይዘው፣ በሌላው መቀመጫዎንና ጭንዎን ብቻ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ የልጄ ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ጀርባዋን ያማታል። በቅቤ ባሻት ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይሆናል እማማ። ቅቤው ለጋ ይሁን፣ ቅመም ያልገባበት፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ናትና ጥቂት ይበቃል። በሆዷ አትተኛ። በግራ ጎኗ ሆና በጉልበቶቿ መሐል ትራስ ታድርግ፣ ወይም ወንበር ላይ ፊቷን ወደ መደገፊያው አዙራ ትቀመጥ። እጅዎ የለሰለሰ ይሁን፣ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ሆዷን ግን ማንም አይሸው፣ ልምድ አለኝ ባይም ቢሆን፤ የእንግዴ ልጁ ከማሕፀን ሊላቀቅ ይችላል። አንደኛው ባቷ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማት እግሯን ሳይነኩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴን ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በአንድ እግራቸው እስከ ጣታቸው ይወርዳል፣ እግራቸውም ይደነዝዛል። ጎረቤት «ወጌሻ ይጠራ» ይላል። (ከወልድያ)

መልስ፦ ይህ በማሸት የሚለቅ ድካም አይመስልም፤ ከአከርካሪ የሚወጣ ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣ ምልክት ነው። ሐኪም ሳያያቸው ማንም ወገባቸውን አይጠምዝዝ፣ አይንጭ። እግራቸው እየሰነፈ ከሄደ፣ ሽንት ካልያዘላቸው ወይም አልወጣ ካላቸው፣ ወይም በመቀመጫቸውና በጭናቸው መሐል ከደነዘዛቸው ለነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሷቸው። ሌሊት የሚያልባቸው፣ የሚያተኩሳቸውና የሚከሱ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን መታየት አለበት። ስታነሷቸው እጃቸውን አትጎትቱ። በጎን ይዙሩ፣ ጉልበታቸውን ያጥፉ፣ እግራቸው ከአልጋው ሲወርድ እርስዎ ከትከሻቸው ሥር ደግፈው ያቅኗቸው።